«እግሯን አትንኩት!»

ነገሩ የሆነው አምና ነው። እህቴ የበኩር ልጇን ወልዳ ግራና፣ እናታችን ቤት አራስ ናት። እኔም «አራስ ሳይጠይቁ ቀርተው ምን አክስትነት አለ?» ብዬ ከአዲስ አበባ ተነሳሁ። ፈቃድ የምጠይቀው አለቃ የለኝም። በየጋዜጣው ደጅ እየዞርኩ በጽሑፍ ቁጥር የምከፈል ሰው ነኝ፤ ሥራ ፈታሁም በዓል አከበርኩም ለኔ አንድ ነው።

ከአዲስ አበባ መርሳ አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ሊሞላ ጥቂት ነው የሚጎድለው። ቀኑን ሙሉ መስኮት ስር ተኮራምቼ፣ ከፊቴ ያለው ወንበር ጉልበቴን እየገፋኝ፣ የተነሳሁት ለምሳ ብቻ ነው። ደሴን ስናልፍ ጫማዬን አወለቅሁ። መርሳ ደርሼ ላጠልቀው ስል ጫማው «አላውቅሽም» አለኝ! ቁርጭምጭሚቴ ጠፍቶ እግሬ የተነሳ ሊጥ መስሏል። ተረከዙን ረግጬ እንደ ነጠላ ጫማ እየጎተትኩ ባጃጅ ተሳፈርኩና ግራና ገባሁ።

እናቴ ገና ከበር ስታየኝ «አንች ደሞ ማንን ወልደሽ ነው እግርሽ ያበጠው?» አለችኝ። ቤቱ ሙሉ ሴት ነበርና ሳቁ አይነገርም። ገንፎው ቀረበ፣ ቡናው ፈላ፣ የኔም እግር አድሮ በማግስቱ ወደ ልኩ ተመለሰ።

የእህቴ ግን አልተመለሰም።

እሷ ሳቁ ውስጥ አልነበረችም። ማታ ሰው ሁሉ ሲሄድ ጋቢውን ገልጣ አሳየችኝ። ከወለደች አሥራ ስድስተኛ ቀኗ ነው። ቀኝ እግሯ የድሮው እግሯ ነው። ግራው ግን ከጭኗ ጀምሮ አብጦ፣ ቆዳው ተወጥሮ የሚያብለጨልጭ፣ ቀለሙም ከሌላው ጠቆር ያለ ነው። እጄን ሳሳርፍበት ይሞቃል። «ባቴን ውስጥ ለውስጥ ይዞኛል» አለችኝ። ከሦስት ቀን በላይ ሆኖታል። ጎረቤት ሁሉ የየራሱን ስም አውጥቶለታል፤ አንዷ ምች አለችው፣ አንዷ ብርድ፣ አንዷ ደግሞ ዓይን። (በሽታን ስም ለመስጠት እንደኛ አገር ፈጣን ያለ አይመስለኝም።) እናቴ መፍትሔውን አዘጋጅታ ጨርሳለች፦ ጠዋት ወጌሻው ይመጣሉ፣ በቅቤ ያሿታል።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ከዓመት በፊት ስለ ረጅም ጉዞ አንድ ጽሑፍ ስጽፍ ሐኪም አነጋግሬ ነበር። ብዙ ነገር ከነገሩኝ መካከል «ሁለቱም እግር ካበጠ ሌላ ነገር ነው። አንዱ ብቻ ካበጠና ካመመ፣ በተለይ ነፍሰ ጡር ወይም አራስ ላይ፣ በምንም ዓይነት አትሹት፤ ሐኪም ቤት ውሰዱ» ብለውኝ ነበር። እኔ ምን አደረግሁ? ጽሑፉ ሲረዝምብኝ ያቺን ዓረፍተ ነገር ቆረጥኳት። ስለ ትራስና ስለ ማስቲካ የጻፍኩትን አስቀርቼ እሷን ጣልኳት! ደረቅ መስላኝ ነበር።

ጠዋት ወጌሻው መጡ። እኚህን ሰው የማያከብር የለም። ዘጠኝ ዓመቴ ላይ ማንጎ ዛፍ ላይ ወጥቼ ስወድቅ የተሰበረ ክንዴን ያቀኑልኝ እሳቸው ናቸው፤ ዛሬ በዚያ ክንዴ ነው የምጽፈው። ጋቢያቸውን አጣፍተው ተቀመጡ፣ ቅቤውን በመዳፋቸው አሟሹ፣ እጃቸውን ወደ እህቴ ባት ዘረጉ።

«እግሯን አትንኩት!»

ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም። ለእሳቸው «አይንኩት» ማለት ሲገባኝ፣ ለቤት ሙሉ ሰው እንደሚጮህ ጮህኩ። እናቴ «አንች ስድ!» አለች። ፊቷ ሲለዋወጥ አየሁት። ወጌሻው ግን እጃቸውን ሰብስበው «ተይ፣ ትናገር እስኪ» አሉ።

«አያ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኩ። «ደሙ እግሯ ውስጥ ረግቶ ይሆናል። ሲታሽ የረጋው ተነቅሎ ወደ ሳንባዋ ይሄድ ይሆናል።»

«ከእግር ወደ ሳንባ? በየት በኩል?»

ውድ አንባቢያን፣ ይቺን ጥያቄ ያዙልኝ። እኔ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ትምህርቴን ይዤ የቀረሁ ሰው ነኝና እዚያው ቆሜ በቅጡ አልመለስኩላቸውም። ተንተባተብኩ። ያዳነኝ የእሳቸው ትልቅነት ነው። አንዴ ግራውን አንዴ ቀኙን እግር አዩና «አጥንት ቢሆን እኔ አለሁ። ይሄ አጥንት አይደለም። ውሰዷት» ብለው ቅቤውን ጠረጉ። ባሏ ባጃጅ ሊጠራ ሮጠ።

አሁን ጥያቄያቸውን ልመልስ። በየት በኩል?

ስድስተኛ ክፍል ሳለን የሳይንስ መምህራችን ሰሌዳ ላይ ሁለት ቃል ጽፈው ነበር፦ ደም ቅዳ እና ደም መልስ። ለፈተና ሸምድደን አለፍናቸው። ዛሬ ሳስበው ግን ይህን ስም ያወጣውን ሰው ባገኘው ቡና እጋብዘው ነበር። ደም ቅዳ ከልብ ቀድቶ የሚያወጣው ነው፤ ደም መልስ የሄደውን ወደ ልብ የሚመልሰው። ፈረንጆቹ እንኳን በራሳቸው ቋንቋ እንዲህ ግልጥልጥ አድርገው አልሰየሙትም።

ቅዳው ለመረዳት ቀላል ነው። ልብ ትገፋለች፣ ደሙ ይሄዳል። ችግሩ መልሱ ላይ ነው። ሰው ቆሞ ሳለ እግር ጣት ድረስ የወረደ ደም ከአንድ ሜትር በላይ ሽቅብ መውጣት አለበት። ማን ይገፋዋል? ልብ የሰጠችው ጉልበት በየሥጋው ውስጥ ባሉት ከፀጉር በቀጠኑ የደም ሥሮች ሲሹለከለክ አልቋል። ከልብ ሲወጣ ግፊቱ በደም ግፊት መለኪያ 120 ገደማ የነበረው ደም፣ ደም መልስ ውስጥ ሲገባ 15 እንኳን አይሞላም፤ ልብ ደጃፍ ሲደርስ ወደ ዜሮ ይጠጋል። ልክ እንደኔ ነው፣ ከአዲስ አበባ ሲነሳ ኪሱ ሞልቶ መርሳ ሲደርስ የባጃጅ የሚቸገር።

ታዲያ የሚያወጣው ባት ነው። አዎ፣ ይሄ ከጉልበት በታች ያለው ሥጋ! ዋናዎቹ ደም መልሶች በባት ጡንቻዎች መካከል ነው የሚያልፉት። ስንራመድ ጡንቻው ይጨመቃል፣ ደም መልሱን ይጨምቀዋል፣ ደሙ ይወጣል። ሐኪሞች ባትን «ሁለተኛው ልብ» የሚሉት ለዚህ ነው። «ታዲያ ሲጨመቅ ወደታችስ ለምን አይሄድም?» ብትሉ፣ የእግርና የእጅ ደም መልሶች ውስጥ ወደ ላይ ብቻ የሚከፈቱ ትንንሽ በሮች አሉ። ደሙ ሽቅብ ሲሄድ ይከፈታሉ፣ ሊመለስ ሲል ይዘጋሉ። ትንፋሽም ያግዛል። አየር ስንስብ ደረታችን ውስጥ ያለው ግፊት ይቀንስና ደሙን ከሆድ ወደ ላይ ይስበዋል።

ቆሞ መዋል ከመራመድ ለምን እንደሚያደክም አሁን ይገባችኋል። ሳይንቀሳቀስ የቆመ ሰው ቁርጭምጭሚቱ አካባቢ ያለው የደም መልስ ግፊት 90 ገደማ ይደርሳል። ጥቂት እርምጃ ሲራመድ ከ30 በታች ይወርዳል። እኔ አውቶቡስ ውስጥ ሁለተኛውን ልቤን ቀኑን ሙሉ አጥፍቼው ነው የዋልኩት። ውሃው ከደም ሥር እየሾለከ ሥጋዬ ውስጥ ተጠራቀመ፣ ጫማዬም አላውቅሽም አለኝ። ለቀጭኔ የሚከፋ ይመስላችኋል አይደል? ቀጭኔ ግን መላ አላት። የእግሯ ቆዳ እንደ ጠባብ ካልሲ ጥብቅ ያለ ስለሆነ እግሯ አያብጥም። እኛ ያንን ካልሲ ከመድኃኒት ቤት ነው የምንገዛው።

ትምህርት ቤት ሳለን ባንዲራ ስንሰቅል በየጊዜው አንድ ልጅ ይወድቅ ነበር። ያኔ «ቁርስ ሳይበላ መጥቶ ነው» እንላለን። ይሆናል። ግን ቁርስ የበላም ይወድቅ ነበር። ጉልበቱን ገትሮ በፀሐይ ቀጥ ብሎ የቆመ ሰው ደሙ እግሩ ላይ ይቀርና አንጎሉ ያጥረዋል። እና ይወድቃል። ደግሞ እኮ መውደቁ መድኃኒቱ ነው! ሲጋደም ደሙ ሽቅብ መውጣት ሳያስፈልገው ወደ ልቡ ይመለሳል። እኛ ምን እናደርግ ነበር? በብብቱና በብብቱ ይዘን ብድግ! ቀጥ አድርገን እናቆመዋለን፣ ውሃ እንረጭበታለን። ከእንግዲህ እንዲህ ያለ ሰው ስታዩ እንደተጋደመ እግሩን ከፍ አድርጉለት። ቶሎ ካልነቃ ግን ሐኪም ቤት ነው።

ለመሆኑ ደም ተመልሶ እንደሚዞር ሰው ያወቀው መቼ ነው? ብዙ ዘመን አላወቀም ነበር። ጋለን የተባለው የጥንቱ ሐኪም ትምህርት ከሺህ ዓመት በላይ የገዛው እንዲህ እያለ ነው፦ ጉበት ከምግብ ደም ይሠራል፣ ደሙ ወደ ሰውነት ይፈስሳል፣ ሰውነት ጠጥቶ ይጨርሰዋል። በቆቦ–ግራና ሸለቆ ከጉድጓድ በሞተር የሚሳበውን የመስኖ ውሃ አስቡት። ወደ ማሳው ይሄዳል፣ መሬቱ ይጠጣዋል፣ ተመልሶ ጉድጓዱ ይገባል ብሎ የሚጠብቅ ገበሬ የለም። ጋለን ሰውነትን እንደ ማሳ ነው ያየው። እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ሃርቪ ግን ቀላል ሒሳብ ሠራ። ልብ በአንድ ምት የምታወጣውን በምቱ ቁጥር አባዛው። በግማሽ ሰዓት ውስጥ የሚወጣው ደም ሰውነት ውስጥ ካለው ደም ሁሉ በለጠበት! ጉበት ይህን ያህል ከየት ያመጣል? ስለዚህ ያው ደም ነው ተመልሶ የሚመጣው አለና በፈረንጆቹ 1628 መጽሐፉን አወጣ። ዛሬ እንደሚታወቀው አንድ አዋቂ ሰው አምስት ሊትር ያህል ደም አለው፣ አርፎ የተቀመጠ ሰው ልብም በደቂቃ አምስት ሊትር ያህል ትገፋለች። ይህን አሁን ስታነቡ ሳለ ደማችሁ ስንት ጊዜ ዞረ ማለት ነው! ከዚህ ሁሉ ደም ደግሞ ከግማሽ በላዩ የሚገኘው በደም መልሶች ውስጥ ነው።

እንግዲህ «በየት በኩል?» ላሉኝ ሽማግሌ መልሱ ይኸው። ከባት ወደ ጭን፣ ከጭን ወደ ሆድ፣ በሆድ ውስጥ በትልቁ ደም መልስ ሽቅብ ወደ ልብ ቀኝ ጎን። ቀኝ ጎኗ የተቀበለችውን ሁሉ የምትልከው ወደ ሳንባ ነው። በዚያ መንገድ ላይ ደም ከረጋና ከተላቀቀ፣ መንገዱ ወደ ልብ እየሰፋ ነው የሚሄደው፤ የሚያስቆመው የለም። ሳንባ ጋ ሲደርስ ግን እንደገና ይጠብባል። እዚያ ይወተፋል። ትንፋሽ ድንገት ያጥራል፣ ደረት ይወጋል፣ ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ሊሞት ይችላል።

መርሳ የተቀበለችን ነርስ ብዙ አላወራችም። የልብስ ሰፊ ሜትር አወጣችና ከጉልበት በታች በአንድ ልክ ሁለቱንም ባት ለካች። ግራው ከቀኙ በአራት ሴንቲ ሜትር ይበልጣል። «ማንም አሽቷታል?» አለች። «አልታሸችም» አልን። እናቴ መሬት መሬት አየች። ነርሷ ወረቀት ጽፋ ወደ ወልድያ ላከችን።

ከመርሳ ወልድያ ሩቅ አይደለም፤ የዚያን ቀን ግን አላልቅ አለኝ። እህቴ በሳለች ቁጥር ልቤ ትቆማለች። ሕፃኑን የያዝኩት እኔ ነኝ። ምንም አያውቅም፣ ጣቴን ይዞ ይጠባል። «ያቺን ዓረፍተ ነገር ባልቆርጣት ኖሮ» እያልኩ ነበር ለራሴ። ማን ያነባት ነበር? ግራና ጋዜጣ አይደርስም፣ እናቴም አታነብም። እንደዚያም ሆኖ ይቆረቁረኝ ነበር።

ወልድያ በአልትራሳውንድ ታየ። ጭኗ ላይ ባለው ትልቁ ደም መልስ ውስጥ ደም ረግቷል። ሐኪሙ ለእናቴ በቀስታ አስረዷት። ሴት ስታረግዝ፣ ስትወልድ ብዙ እንዳይፈሳት ደሟ ከወትሮው ቶሎ የሚረጋ ይሆናል፤ ማህፀኗ የሆዷን ደም መልስ ይጫነዋል፤ ግራው እግር ላይ የሚበዛውም የግራው ደም መልስ ሆድ ውስጥ በደም ቅዳ ስር ስለሚያልፍና ስለሚጫነው ነው። ከወለደች በኋላ ባሉት ስድስት ሳምንታት አደጋው ከፍተኛ ነው። እሷ ደግሞ በዚህ ላይ «አራስ አትነሳም» ተብላ አሥራ ስድስት ቀን ተኝታለች። ምግቡ አልጋዋ ድረስ፣ ውሃው አልጋዋ ድረስ። በፍቅር ነው እኮ! የኛ አገር አራስ መንከባከብ የትም የለም። ማንም ሴት ከወለደች በኋላ ቶሎ ወደ ጓዳ ትመለስ አልልም። ግን ማረፍ ሌላ፣ አለመንቀሳቀስ ሌላ። አቅም ሲኖራት ጓሮ ደርሳ ብትመለስ፣ አልጋዋም ላይ ሆና ቁርጭምጭሚቷን ብታንቀሳቅስ ገንፎው አይቀርባት።

ፈረንጆቹም ድሮ ከኛ አይሻሉም ነበር። ይህንኑ በሽታ ጡቷ ውስጥ መሆን የነበረበት ወተት ወደ እግሯ ወርዶ ነው ብለው «የወተት እግር» ይሉት ነበር አሉ። ከምች በምን ይሻላል?

ሆዷ ላይ ከቆዳ ስር የሚወጋ ደም የማያስረጋ መርፌ ጀመረች፣ በኋላም እንክብል ተጨመረ። እንክብሉ ቢያንስ ሦስት ወር ይወሰዳል፣ በየጊዜው ደሟ ይመረመራል፤ ከበዛ ያደማል፣ ካነሰ አይረባም። «ልጁን ታጥባ?» ብለን ስንጠይቅ «ታጥባ» አሉ። ጎመኑንም አንድ ቀን ሙሉ ድስት አንድ ሳምንት ምንም እንዳታደርገው፣ ለክታ እንድትበላ ነገሯት፤ ከመድኃኒቱ ጋር ይጣላል። የባህል መድኃኒትም ሳትጠይቅ እንዳትወስድ።

እግረ መንገዴን ስለ እናቴ ልንገራችሁ። ሐኪሙ ለእህቴ ሲያወሩ የእናቴን እግር አዩት። አርባ ዓመት ምጣድ ፊት ቆማለች፣ ባቷ ላይ ደም ሥሯ እንደ ገመድ ተገምዶ ወጥቷል። እኛ ልጆቿ «የእማ ካርታ» እያልን ስንጫወትበት ነው ያደግነው። ያ በሮቹ ላልተው ነው። በር ሲላላ ደሙ ወደታች ይመለሳል፣ ሥሩ ይለጠጣል፣ ሲለጠጥ በሩ ይብስ ይከፈታል። ይህ እንደ እህቴ ለሕይወት የሚያሰጋ አይደለም፤ ግን ያሳክካል፣ ያብጣል፣ ሲቆይ ቁርጭምጭሚት ላይ የማይድን ቁስል ያመጣል። ማታ ማታ እግሯን ከልቧ ከፍ አድርጋ ትራስ ላይ እንድትጭን፣ ስትጋግርም በእግር ጣቷ ብድግ ቁጭ እንድትል ነገሯት። እናቴ ሐኪም ፊት «እሺ ጌታዬ» አለች። ውጭ ስንወጣ «ምጣድ ፊት እስክስታ ልውረድላቸው እንዴ?» አለችኝ።

እናንተም ይህን ስታነቡ እግራችሁን አትመርምሩና በባዶ አትሸበሩ። ቀኑን ተቀምጣችሁ ውላችሁ ማታ ሁለቱም ትንሽ ቢያብጡና ጠዋት ቢመለሱ እንደኔ ናችሁ። ሁለቱም አብጠው የማይመለሱ ከሆነ ልብ ወይም ኩላሊት ሊሆን ይችላልና ታዩ። ደጋው ላይ በባዶ እግር ቀይ አፈር ሲረግጡ ኖረው ከመዳፍ ጀምሮ የሚያብጠው ደግሞ ከነጭራሹ በሌላ ቧንቧ የሚመጣ ነው። ድንገት አንዱ ብቻ ሲያብጥ፣ ሲሞቅና ሲያም ግን ቅቤውን አስቀምጡት። ትንፋሽ ካጠረ ደግሞ ነገ አትበሉ።

ከወልድያ ስንመለስ በሁለተኛው ቀን ወጌሻው ሊጠይቁ መጡ። ቡና ተፈላ። እናቴ የሆነውን ሁሉ ከነ ሜትሩ አወራችላቸው፤ እኔን «ስድ» ያለችኝን ግን ዘለለችው። ሰምተው ሰምተው ወደኔ ዞሩ።

«በየት በኩል እንደሚሄድ አልነገርሽኝም እኮ።»

እጃቸውን ወደታች እንዲያንጠለጥሉ ለመንኳቸው። ከሲታ ናቸው፣ ሥራቸው እንደ ሐረግ ወጣ። አንዱ ሥር ላይ በአንድ ጣቴ ጫን አልኩና፣ በሌላው ጣቴ ደሙን ወደ ክርናቸው አቅጣጫ ገፋሁት። ሥሩ ባዶ ቀረ። የላይኛውን ጣቴን አነሳሁ። ደሙ ከላይ ተመልሶ አልሞላውም፤ ትንሽ እብጥ ያለችው ቦታ ላይ ቆመ። «በሩ እዚህች ጋ ነው» አልኳቸው። ከዚያ የታችኛውን ጣቴን ሳነሳ ከታች እልም ብሎ ሞላ። ሃርቪ ከአራት መቶ ዓመት በፊት ያሳየው ይኼኑ ነው።

«እስኪ ልያዘው» አሉ። ራሳቸው በጣታቸው አደረጉት። ደገሙት። ሲኒው ቀዘቀዘባቸው። ሦስተኛው ላይ አቆሙና ክንዳቸውን አገላብጠው አዩት።

«ስልሳ ዓመት ይኼን ሥር ስነካው ኖርኩ» አሉ፤ «በር እንዳለው የነገረኝ የለም።»

እህቴ ጓዳ ውስጥ ሕፃኑን ይዛ ቀስ እያለች ወዲያ ወዲህ ትመላለሳለች። እናቴ «ተቀመጭ እንጂ!» ልትላት አፏን ከፈተችና ወደኔ አይታ ዘጋችው።